ስልኩና ሻደይ

በዋግ ኸምራዋ ሰሃላ ወረዳ ስልክ እንደ ከተማው በየልጁ እጅ አይገኝም። በብዙ ቤት ያለው አንድ ነው፤ እሱም የአባት። አባት ካስቀመጠው ግን ልጆቹ ይሻሙበታል። ኔትወርክ ቢጠፋ በሚሞሪ ካርድ የተጫነ ፊልም አይጠፋም። ስለዚህ «እኛ ዘንድ ኢንተርኔት የለም» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ 2 ዓመት ያልሞላው ልጅ ስክሪን ፊት ባይቀመጥ ይመረጣል። ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፤ ከዚያም ባነሰ ቁጥር ይሻላል። መመሪያው ስለ እንቅልፍና ስለ ጨዋታም ይናገራል። ይህን ክፍል ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ታዲያ ከስክሪን የተቀነሰው ሰዓት በምን ይሞላ?

ሰዓቱን በሚሞላ ነገርስ ዋግ ኸምራ ሀብታም ናት። ነሐሴ 16 የሻደይ በዓል ሲገባ፣ ልጃገረዶቹ ሻደይ የተባለውን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ እየመቱ ሲጨፍሩ ስልክ ማን ያስታውሳል? (እርግጥ ቪዲዮ የሚቀርጸው በዝቷል።) እኔን የሚያሳስበኝ ከነሐሴ በኋላ ያለው ረጅም ጊዜ ነው። አያት በኽምጣና ቋንቋ ተረት የምትነግርበት ምሽት ይኑር። ዛሬ እራት ሲቀርብ ስልኩ ሶላሩ ላይ እንደተሰካ ይቆይ፤ አባትም አይንካው።