የሚንቀጠቀጥ እጅ



ዛሬ ፓርኪንሰን ስለሚባል በሽታ እንነጋገራለን። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። እርሱ በሽታውን በጽሑፍ የገለጸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 ነበር።

እኛ ተማሪዎች ልናስተምር በሄድንበት መንደር አንድ አዛውንት ነበሩ። ለትምህርት ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ። ሲጽፉ ግን የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ፣ የመጨረሻው እንደ ጤፍ ፍሬ ትንሽ ይሆናል። ስንፍና መሰለንና «አባባ፣ አተልቀው ይጻፉ እንጂ!» አልናቸው። ልጆች አካሄዳቸውን አይተው «ሰክረዋል» እያሉ ይስቁ ነበር። ባለቤታቸውም «ፊታቸው አልፈታ አለ፤ አኩርፈውኛል» አሉን። ለካ ሁላችንም ተሳስተናል። ሆስፒታል ሄደው ሲመረመሩ በሽታው ታወቀ። እኛም ይቅርታ ጠየቅናቸው።

በሽታው የሚመጣው ከአንጎል ነው። ሰውነታችን በወጉ እንዲንቀሳቀስ የሚረዳ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህን የሚሠራው የአንጎል ክፍል ቀስ በቀስ ሲጎዳ ሰውነት አልታዘዝ ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይጀምራል። ጭን ላይ ሲያርፍ ይብሳል፤ ሲኒ ለማንሳት ሲዘረጋ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ እንቅስቃሴ ይዘገያል። ቁልፍ መቆለፍ፣ ከመደብ መነሳት ያስቸግራል።

ሦስተኛ፣ ክንድና እግር ይገትራል። እርምጃ ያጥራል፤ ሲራመዱ አንዱ እጅ አይወዛወዝም።

አራተኛ፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ ፊት ስሜት አይታይበትም፣ ጽሕፈት ያንሳል።

ሽታ አለመለየትና የሆድ ድርቀት ከእነዚህ ሁሉ ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ።

ነገር ግን እጁ የተንቀጠቀጠ ሁሉ ፓርኪንሰን አለበት ማለት አይደለም። ሳይንቀጠቀጥ በሽታው ያለበትም አለ። ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ነው። አንድ ወገን በድንገት ከዛለ ወይም አፍ ከተጣመመ ግን ሌላ አደጋ ነውና በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም እንሩጥ።

ፓርኪንሰን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጋኔንም ስካርም አይደለም። እስካሁን ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም። ሆኖም ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት ሕመሙን ያቀላል። ሐኪም ሳያዝ በድንገት ማቋረጥ ጉዳት አለው። ሰውነትን ማንቀሳቀስም ይረዳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በታማሚው አንሳቅ፤ አናስቸኩለው። ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ስንሄድም ያየነውን ምልክትና የጀመረበትን ወር በወረቀት ጽፈን እንያዝ። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።