ቤቱ የሚበላውና ገበያው የሚጠራው



ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳሪስ አካባቢ የአንዲት እናትን ቤት ለመለካት ሄጄ ነበር። ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት ነው። ልጃቸው ብድር ጠይቆ ስለነበር ቤቱ ቀደም ብሎ በሌላ ባለሙያ ለማስያዣ ተገምቷል። ወረቀቱን አሳዩኝ። የካሬ ዋጋው ከሦስት ዓመት በፊት ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ የተገለበጠ ነበር። «ልጄ፣ በዚህ ብር ጣሪያውን እንኳ ማልበስ እችላለሁ?» አሉኝ። አይችሉም ነበር። ያ ገማች ሰነፍ ነበር ብዬ አላምንም፤ በእጁ የነበረው ዋጋ ያ ብቻ ነበር።

እኛ ዘንድ በሽያጭ ውል ላይ የሚጻፈው ገንዘብና በእርግጥ የተከፈለው ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ስለዚህ እኛ ገማቾች በአብዛኛው የምንገምተው ቤቱን ዛሬ እንደገና ለመሥራት የሚጠይቀውን ወጪ አስልተን ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ለልማት ተነሺ የሚከፈለው የንብረት ካሳ ንብረቱን በአዲስ መተካት የሚያስችል እንዲሆን ደንግጓል። እንግዲህ የግንባታ ዋጋ መረጃችን ካረጀ፣ ቀመሩን የቱንም ያህል ብናሳምረው ቤተሰብ እንጎዳለን።

አሜሪካ ያሉ ገማቾች ማርሻል ኤንድ ስዊፍት ወይም አርኤስ ሚንስ የሚባሉ የወጪ መረጃዎችን በክፍያ ይጠቀማሉ። እኛ ገንዘቡን ብናገኝ እንኳ የዴንቨር ግንበኛ ክፍያ ለአዳማ ቤት አይሆንም። የራሳችንን መሰብሰብ አለብን፤ ደግሞም የሚመስለንን ያህል ውድ አይደለም።

ቤት የሚበላው የዕቃ መጠን ቶሎ አይለወጥም። አንድ ካሬ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ ብክነቱን ጨምሮ 13 ያህል ብሎኬት ይፈልጋል። አንድ ሜትር ኩብ ሲ-25 ኮንክሪት በተለመደው አሠራራችን 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይወስዳል። ባለ 12 ሜትር አንድ ቤርጋ ቁጥር 12 ፌሮ 10.7 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህን ለጭቃ ቤት፣ ለብሎኬት ቤትና ለጂ+1 አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ያዘጋጀ ሰው ለዓመታት ይገለገልበታል። የሚለዋወጠው ዋጋው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት የተጻፈ የሴራሚክ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የብረት ዋጋ ለግምት አይሆንም።

ዋጋውን ከየት እናምጣ? እኔ በወር አንድ ቀን ተክለሃይማኖት ወዳሉት የግንባታ ዕቃ መሸጫዎች እሄዳለሁ። ሦስት ሱቅ ገብቼ እንደ ገዢ እጠይቃለሁ፤ መጫኛና ማውረጃውን፣ ደረሰኝ ያለውንና የሌለውን ለይቼ እጽፋለሁ። አሸዋና ጠጠር በቢያጆ ስለሚሸጥ መኪናው ስንት ሜትር ኩብ እንደሚይዝ ካልጠየቅኩ ዋጋው ዋጋ አይደለም። ከዚያ ሥራ ላይ ያለ አንድ ፎርማን ፈልጌ የግንበኛውን፣ የልስን ባለሙያውንና የቀን ሠራተኛውን ክፍያ እጠይቀዋለሁ። ሻይ ከመጋበዝ በቀር ወጪ የለውም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣውን የችርቻሮ ዋጋ ደግሞ ለማመሳከሪያ እይዛለሁ።

አንድ ስህተት ግን ደጋግሜ አያለሁ። ከጨረታ ሰነድ የተወሰደ ነጠላ ዋጋ የተቋራጩን ትርፍና የአስተዳደር ወጪ ይዟል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም ሊኖርበት ይችላል። ፎርማኑ የሚነግረን የእጅ ዋጋ ግን ይህ ሁሉ የለበትም። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ያለ ማስታወሻ የሚቀላቅል ገማች አንዱን ቤት አስወድዶ ሌላውን ያረክሳል፤ ራሱም አያውቀውም። ከእያንዳንዱ ዋጋ ጎን ቀኑ፣ ቦታውና ምን ምን እንደሚጨምር ይጻፍ።

ለአንድ ሰው ይህ አድካሚ ነው፤ አልክድም። የሐዋሳን አሸዋና የደሴን ድንጋይ እኔ ከአዲስ አበባ ሆኜ ማወቅ አልችልም። የሙያ አጋሮቼ፣ ለዚህ ነው ዛሬ በግልጽ የምለምናችሁ። እያንዳንዳችሁ ከምትሠሩበት ከተማ በየወሩ የአንድ ገጽ ዋጋ ላኩ፤ ሃያ ዕቃና አምስት የእጅ ዋጋ ይበቃል። ገጾቹን አሰባስቦ ለላኪው ሁሉ ያለ ክፍያ መመለሱን እኔ እይዘዋለሁ። የዚህን ወር የአዲስ አበባ ገጽ አባዝቼ በር ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ፣ የተሳሳተ ዋጋ ካያችሁበትም አርማችሁ መልሱልኝ።