ቆሽት ከወጣ በኋላ ሥራውን ማን ይረከባል?




ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት ያለበት ሰው ከላይኛው ሆዱ ተነሥቶ እስከ ጀርባው የሚዘልቅ ሕመም ለዓመታት ተሸክሞ ይኖራል። መድኃኒቱ አላስታግሰው፣ በኢንዶስኮፒ የሚደረገው ሕክምናም አልበቃው ሲል ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል። ያን ጊዜ ቤተሰብ ሁሉ የሚጨነቀው በሰላም መውጣቱን ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ከዚያ ቀጥሎ ስላለው ነው። ቆሽቱ ይሠራው የነበረው ሥራ በታማሚውና በቤተሰቡ እጅ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሥራውን ማስተማር እንደ ቀዶው ሁሉ የሕክምናው አካል መሆን አለበት።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አካል ነው። አንደኛው ሥራው ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ወደ ትንሹ አንጀት መላክ ነው። ሁለተኛው ኢንሱሊንና ግሉካጎን እያመረተ የደም ስኳርን መቆጣጠር ነው። ይህን የሚሠሩት ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ እ.ኤ.አ. በ1869 የገለጻቸው ጥቃቅን የሕዋስ ስብስቦች ናቸው።

ቀዶ ሕክምናው ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ የተዘጋውን የቆሽት ቱቦ ከፍቶ ከአንጀት ጋር ያገናኛል፤ ሌላው የቆሽቱን ራስ ይቆርጣል። ከሁሉ የሚከብደው ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሚኒሶታ፣ የዩኒቨርሲቲው ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1977 ከወጣው ቆሽት እነዚያን ኢንሱሊን የሚያመርቱ ሕዋሳት ለይተው፣ በደም ሥር በኩል ወደ ታማሚው ጉበት መመለስ ጀመሩ። ሕዋሳቱ ጉበት ውስጥ ሆነው ኢንሱሊን ያመርታሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ይኸው ተቋም ስለ 409 ታማሚዎች ባወጣው ጥናት፣ በሦስተኛው ዓመት 30 በመቶ ያህሉ ያለ ኢንሱሊን መርፌ ይኖሩ ነበር። ትልቅ ውጤት ነው። የቀሩት ግን ብዙም ይሁን ጥቂት ኢንሱሊን ያስፈልጋቸዋል፤ ኢንዛይም የያዘውን ካፕሱል ደግሞ ቆሽቱ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ሁሉ ዕድሜ ልኩን ይውጣል።

እስቲ አንድ ማዕድ እንመልከት። ካፕሱሉ የሚዋጠው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ነው፤ ምግቡ ከበዛና ገበታው ከረዘመ ከፊሉ መሐል ላይ ይዋጣል። ማዕድ ከተነሣ በኋላ ቢውጡት ከምግቡ ጋር በወጉ ሳይገናኝ ይቀራል። አይታኘክም፤ በትኩስ ቡናም አይወሰድም፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ያበላሸዋልና። ጥቁር ቡና ካፕሱል አይፈልግም፤ ወተት ያለበት ማኪያቶ ግን ይፈልጋል። «ዛሬ ጾም ነው፣ ሥጋ አልበላሁም» ብሎ ካፕሱሉን የሚተው ሰው ይሳሳታል፤ ሽሮውም ምስሩም ዘይት አለው። የካፕሱሉ መጠን ሲያንስ ሰገራው ቅባታም ይሆናል፣ ይንሳፈፋል፣ ሽታው ይከብዳል፤ ሰውነት ይከሳል። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ከቅባቱ ጋር ተያይዘው ይወጣሉ፤ ውሎ አድሮም አጥንት ይሳሳል። ይህን ለሐኪም መናገር ሊያሳፍር አይገባም።

ስኳሩም ከተለመደው የስኳር በሽታ ይለያል። ኢንሱሊን ብቻ ሳይሆን ስኳር ሲወርድ መልሶ የሚያነሣው ግሉካጎንም ስለሚጎድል፣ ስኳሩ በድንገት ሊያሽቆለቁል ይችላል። ታማሚውን ላብ ካጠመቀው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተምታታ ስኳሩን ለኩ። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ 15 ግራም ያህል ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ አስቸኳይ እርዳታ ጥሩ። ይህን በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ፣ ከፍ ያሉ ልጆችም ጭምር ይወቁ።

ከቆሽቱ ጋር ጣፊያውም የወጣለት ሰው የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባቶቹን ማሟላት አለበት። ትኩሳት ሲይዘው «እስኪ ነገ ይሻለው ይሆናል» አይባልም፤ በዚያው ቀን ይታከም።

ስለ ሕመሙ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎች እፎይ ይላሉ፤ ለአንዳንዶች ግን ቆሽቱ ወጥቶም ሕመሙ ይቀራል። ለዓመታት የተቀጠቀጠ ነርቭ ሕመም ማስተላለፉን ቶሎ አያቆምም። ሞርፊንን የመሰሉ ማስታገሻዎችም በአንድ ቀን አይተዉም፤ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳሉ። «ተቀዶም ያማርራል» የሚል ዘመድ ባያውቅ ነው፤ ቃሉ ግን ይጎዳል። «መጠጥ ነው እንዲህ ያደረገው» የሚለው ሐሜትም እንዲሁ። መጠጥና ሲጋራ በእርግጥ ቆሽትን ይጎዳሉ፤ ከቀዶው በኋላም ፈጽሞ መተው አለባቸው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1996 በዘር የሚተላለፈውን የቆሽት ብግነት የሚያመጣ የጂን ለውጥ ተለይቷል፤ ጠርሙስ ነክተው የማያውቁ ሕፃናትም ይታመማሉ።

በእኛ ዘንድ ሁለት ነገሮች በተለይ መነገር አለባቸው። አንደኛው ጾም ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እስከ ሰርክ ባዶ ሆዱን ቢቆይ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ቁርኣንም ለታመመ ሰው ቦታ ሰጥተዋል፤ ታማሚው ከንስሐ አባቱ ወይም ከኢማሙ ጋር፣ ከሐኪሙም ጋር ይምከር። ሁለተኛው፣ በስፋት የሚታዘዙት የቆሽት ኢንዛይሞች ከአሳማ ቆሽት የሚዘጋጁ መሆናቸው ነው። ይህን ሰምቶ በዝምታ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ይጎዳል። ባለሙያው አስቀድሞ ይንገረው፤ ታማሚውም ጥያቄውን ወደ ሃይማኖት አባቱ ይውሰድ። ለሕይወት የሚያስፈልግና ምትክ የሌለው መድኃኒት ሲሆን የሚፈቅዱ ሊቃውንት አሉ።

ስለዚህ ለባለሙያዎች የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ታማሚው ካፕሱሉን መቼ እንደሚውጥ፣ ስኳሩን እንዴት እንደሚለካ፣ በትኩሳት ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ በገዛ አፉ አስረድቶ ሳያሳያችሁ ከሆስፒታል አታስወጡት። የምታስተምሩትም ብቻውን ሳይሆን ምግብ ከምታበስልለት ሰው ጋር ይሁን። ቤተሰቦች ሆይ፣ «በሞቴ አንዴ ጉረስ» ከማለታችሁ በፊት ካፕሱሉ አጠገቡ መኖሩን እዩ፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ። ታማሚዎች ሆይ፣ ይህን ሥራ ፈልጋችሁ አልተረከባችሁትም፤ ግን የሚለመድ ሥራ ነው፤ ብቻችሁን እንድትሠሩት ልንተዋችሁ አይገባም።