ሥዕሉ ሲጠፋ ጥፋቱ የት ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምናገረው በመኖሪያ ቤት ውስጥ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ አቀባበል ሲታወክ ምክንያቱን ፈልጎ ስለ ማግኘት ነው። ርዕሱ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ ያነሰ መስሎ የሚታየው አይጠፋ ይሆናል። ዳሩ ግን በየሰፈሩ ጣራ ላይ የሚወጣ ባልደረባችን ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሰው ገንዘብ ያላግባብ ከሚባክንባቸውና የሙያችን ስም ከሚጎድፍባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። ኤልኤንቢ ይለወጣል፤ ሪሲቨር ይለወጣል፤ ገመድ ይለወጣል፤ በመጨረሻም ሥዕሉ ይመጣል። ከተለወጡት ዕቃዎች መካከል ጥፋተኛው የትኛው እንደ ነበረ ግን ከፋዩም ለዋጩም አያውቅም።

ይህን ልማድ ከአናሎግ ዘመን የወረስነው ይመስለኛል። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥርጭት ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ለረጅም ዘመን ጥፋቱ ራሱን በመስተዋቱ ላይ ይናገር ነበር። ሞገዱ ሲደክም ሥዕሉ በረዶ የወረደበት ይመስላል፤ ከተራራ ወይም ከፎቅ ተንጸባርቆ የዘገየ ሞገድ ሲደርስ ከሰውዬው ምስል ጎን ጥላው ይቆማል፤ የመኪና ሞተር ሲነሣ ነጠብጣብ ያልፋል። አንዱ ጣራ ላይ ሆኖ አንቴናውን ሲያዞር ሌላው ከሳሎን «መጣ! አይ፣ ሄደ!» እያለ በመጮኽ ሥራው ይፈጸም ነበር። ያ ዘዴ በጊዜው ትክክል ነበር፤ ሥዕሉ ራሱ መለኪያ ነበርና።

በዲጂታል ግን ሥዕል መለኪያ አይሆንም። ተቀባዩ መሣሪያ በመንገድ የተበላሸውን መረጃ እስከ ተወሰነ ወሰን ድረስ እያረመ ያቀርባል። ከወሰኑ በላይ እስካለ ድረስ ሥዕሉ ፍጹም ነው፤ ሞገዱ እጥፍ ቢሆን እንኳ ከዚያ የበለጠ አያምርም። ከወሰኑ ጥቂት ዝቅ ያለ እንደሆነ ሥዕሉ በአራት ማዕዘን ይቆራረጣል፤ ድምፁ ይንተባተባል፤ ወዲያውም መስተዋቱ ይጨልማል። በሜዳ መካከል የቆመና በገደል አፋፍ የቆመ ሰው ሁለቱም ቆመዋል፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ነፋስ ሲነሣ ነው።

በአገራችን ነፋሱ ክረምት ነው። በበጋ የተተከለ ዲሽ «ሥዕሉ መጣ» ተብሎ ይታሰርና በሰኔ ዝናብ ሲጥል መቆራረጥ ይጀምራል፤ ባለቤቱም ዝናቡን ይወቅሳል። በርግጥ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ባለው ሞገድ ከባድ ዝናብ ኃይል ይቀንሳል። ነገር ግን 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ በዚህ ሞገድ የሚያየው የሰማይ ስፋት 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ከመካከሉ 1 ዲግሪ ቢያዘነብል የሚቀበለው ኃይል በግማሽ ይጎድላል። ለዝናብ ቀን መጠባበቂያ ይሆን የነበረው ኃይል ዲሹ በተተከለበት ቀን ባክኗል ማለት ነው። ስለዚህ በደረቅ ቀን ጥራቱ የመጨረሻ ከፍታውን እስኪያገኝ ድረስ ማስተካከል ግዴታ ነው። ሪሲቨሩም ሞገዱን ለመያዝ አንድ ወይም ሁለት ሰኮንድ ስለሚፈልግ፣ እንደ ጥንቱ ፈጥኖ የሚያዞር እጅ ሳተላይቱን ሳያየው ያልፈዋል። ጥቂት አንቀሳቅሶ መቆየት፣ ከዚያም እንደገና ጥቂት ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት በተዛወሩበት ጊዜ የታየው ችግር ይህንኑ ያስረዳል። ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው፤ የኢትዮሳት አቅጣጫ ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ከአዲስ አበባ ሆነን ስናሰላ የመጀመሪያው ከምዕራብ ጥቂት ወደ ደቡብ ብሎ ከአድማሱ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሁለተኛው ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ብሎ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ማዞር ብቻ አይበቃም፤ ቀና ማድረግም ያሻል። ኤልኤንቢውንም በማቀፊያው ውስጥ ማሽከርከር ግድ ነው። እንደ እኛ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ይህ ሽክርክሪት ብዙ ዲግሪ ስለሆነ ችላ ቢሉት አግድሙና ቀጥታው ሞገድ ይደባለቃሉ። ከዚህም ሌላ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ ያቀና ትልቅ ክብ ዲሽ የዝናብ ውሃና በረዶ ሊያቁር ይችላል፤ ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ አንዲት ቀዳዳ ብትበጅለት መልካም ነው። በአንጻሩ ዲሹ ወደ ምዕራብ በነበረበት ዘመን ያስቸግር የነበረው የጎረቤት ባሕር ዛፍ አሁን ብዙ ጊዜ ከመስመር ውጭ ሆኗል።

አሁን ወደ ምርመራው ልለፍ። የመጀመሪያው ጥያቄ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ የጎረቤትስ ይሠራል ወይ? ለሁሉም ከጠፋ ጣራ መውጣት አያስፈልግም። የአንዱ ቤት ብቻ ከሆነ በሪሲቨሩ ላይ ያሉትን ሁለቱን መስመሮች፣ ጥንካሬንና ጥራትን፣ ለይቶ ማንበብ ይገባል። ብዙዎች በጥንካሬው ይታለላሉ። ጥንካሬ የሚባለው በገመዱ የሚመጣውን ኃይል ሁሉ፣ ኤልኤንቢው ራሱ የሚፈጥረውን ጩኸት ጭምር የሚቆጥር ስለሆነ፣ ዲሹ ባዶ ሰማይ ቢያይም ከፍ ሊል ይችላል። ጥንካሬው ከወደቀ ገመዱን፣ ማያያዣውንና ወደ ኤልኤንቢው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ እንመርምር። ጥንካሬው እያለ ጥራቱ ዜሮ ከሆነ አቅጣጫውን፣ መጋረጃ የሆነውን ነገርና በሪሲቨሩ የተሞላውን ቁጥር እንመልከት።

ከጣቢያዎቹ ግማሾቹ ብቻ ሲጠፉ ደግሞ ዲሹን መንካት ስሕተት ነው። ሪሲቨሩ ኤልኤንቢውን የሚያዘው በገመዱ በሚልከው ቮልቴጅ ነው፤ 13 ቮልት ለቀጥታው ሞገድ፣ 18 ቮልት ለአግድሙ። የላይኛው የሞገድ ክፍል ሲፈለግ 22 ኪሎኸርዝ ምልክት ይጨመርበታል። በመብራት መዋዠቅ የደከመ ሪሲቨር 13ቱን ሰጥቶ 18ቱን መስጠት ሲያቅተው ቀጥታዎቹ ይታያሉ፣ አግድሞቹ ይጠፋሉ። በገመዱ ጫፍ ላይ፣ ኤልኤንቢው እንደ ተያያዘ፣ በቴስተር መለካት የ5 ደቂቃ ሥራ ነው።

በአንዲት እናት ቤት ያየሁትን ልጥቀስ። በአንድ ክረምት ሁለት ኤልኤንቢና አንድ ሪሲቨር ተለውጦባቸዋል፤ የባለሙያው ስም እዚህ አይጠቅመንም። ጠይቄያቸው የሰጡኝ መልስ ግን ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ነበር፤ «ልጄ፣ ሲዘንብ ደኅና ነው፤ የሚጠፋው ካባራ በኋላ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ይመለሳል» አሉኝ። በዝናብ የሚደክም ሞገድ ዝናቡ ሲቆም ይመለሳል። ካባራ በኋላ ጠፍቶ ፀሐይ የሚመልሰው ግን ውሃ የገባበት ማያያዣ ነው። ከቆርቆሮው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ቅጥል ተገኘ፤ ፌስታሉ ውሃውን ከመከላከል ይልቅ አጠራቅሞ ይዞታል። ቅጥሉ ተቆርጦ ባንድ ወጥ ገመድ ተተካ፤ ገመዱም ከማያያዣው በፊት ወደ ታች ተቀልብሶ ውሃው ከቅልባሹ ላይ እንዲንጠባጠብ ተደረገ። ለሦስቱ ዕቃዎች የወጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

የማንም ጥፋት ያልሆነም አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም መጋቢት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ ግድምና በመስቀል ሰሞን፣ ፀሐይ በዚያ ሳተላይት ጀርባ ታልፋለች። ለጥቂት ቀናት ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ለጥቂት ደቂቃዎች ሥዕሉ ቢጠፋ ምክንያቱ ይኸው ነው። በዚህ ሰዓት የተጠራ ባለሙያ ሻይ ጠጥቶ ቢጠብቅ ይሻላል።

ስለ ሬዲዮ በአጭሩ ልበል። በመካከለኛ ሞገድ የሚያዳምጡ ሰዎች የሚያማርሩት ጩኸት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከገዛ ቤታቸው፣ ከርካሽ የኤልኢዲ አምፖልና ከስልክ ቻርጀር ነው። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ከፍቶ የቤቱን መብራት ከዋናው ማጥፋት ነው። ጩኸቱ ከቆመ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያበሩ ጥፋተኛውን መያዝ ይቻላል፤ ካልቆመ ሬዲዮውን በቀስታ በማሽከርከር ጩኸቱ የሚቀንስበትን አቅጣጫ መፈለግ ነው። በውስጡ ያለው የፌራይት ዘንግ ጫፉ ወደ ጩኸቱ ምንጭ ሲያመለክት መቀበሉ ይቀንሳልና።

ለሥራ አመራር ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አባሎቻችን ሥራ በፈጸሙበት ቤት ሁሉ ከሪሲቨሩ ሥር የምትለጠፍ አንዲት ካርድ ትኑር። በእርሷም ላይ የዲሹ ስፋት፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተነበበው ጥራት፣ የዕለቱ አየር፣ የተለወጠው ዕቃና የተለወጠበት ምክንያት ይጻፍ። የጥራቱ ቁጥር ከሪሲቨር ወደ ሪሲቨር ስለሚለያይ የሪሲቨሩም ዓይነት ይጠቀስ። ምክንያቱ ያልተጻፈለት ዕቃ ዋጋ አይጠየቅበት። የካርዷን ረቂቅ አዘጋጅቼ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ እንድንወያይበት እጠይቃለሁ።