ጥንቸሏ ለምን ትጾማለች?

«ትናንት እኮ ደህና ነበር፤ አብረን ቡና ጠጥተን ነው የተለያየነው።» ሰው በልብ ሕመም ድንገት ሲሞት ለቅሶ ቤት ይህ ንግግር አይጠፋም። የዛሬው ወሬያችን ስለዚያ «ደህና» ነው።

ከልብ ደም የሚያወጡት ቧንቧዎች፣ ደም ቅዳዎች፣ ግድግዳቸው ውስጥ ስብ ይጠራቀማል። ክምችቱ ፕላክ ይባላል። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ይፈሩ የነበረው ቧንቧውን አብዝቶ ያጠበበውን ነው፤ አንጂዮግራም የሚባለው የደም ቧንቧ ምርመራ የሚያሳየው ደም የሚያልፍበትን ቀዳዳ ብቻ ነዋ። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ በድንገት ተቀዶ ደም የሚያረጋው ቧንቧውን ያን ያህል ያላጠበበ፣ ውስጡ ግን በብግነት የጋለ ፕላክ ነው። ምስጥ የበላው ምሰሶ ከውጭ ሲያዩት ምን ይጎድለዋል?

ስለዚህ የፕላኩን መጠን ትተን ውስጡ ምን እየተሠራ እንደሆነ ማየት አለብን። የሞለኪውል ምስል የምንለው ይህን ነው። ብግነት ባለበት ቦታ ማክሮፋጅ የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይሰበሰባሉ፤ እነሱ ደግሞ የስኳር ሆዳሞች ናቸው። ፍሎሪን-18 የተባለ ጨረር አመንጪ የተለጠፈበት ስኳር በደም ሥር ሲሰጥ ይወስዱታል፤ ግን እንደ ተራው ስኳር አቃጥለው ሊጨርሱት አይችሉም፣ እዚያው ይቀራል። ጨረሩን የፔት ካሜራ ይለቅመዋል። የፍሎሪን-18 ጨረር በየ110 ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ ሥራው ጥድፊያ አለበት።

ይህ ምስል የሚሞከርባት ጥንቸል የምትጾመውም ለዚሁ ስኳር ሲባል ነው። ጠግባ ከመጣች ጡንቻዋ ስኳሩን ይሻማል። በማደንዘዣ ትተኛለች፣ ስኳሩ በጆሮዋ ደም ሥር ይገባል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት መጠበቅ ነው። ቸኩለው ምስሏን ካነሱ ደሙ ራሱ እያበራ ግድግዳውን ይሸፍነዋል። በመጨረሻም ደም ቅዳዋ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ያበራው ቦታ ላይ በእርግጥ ማክሮፋጅ አለ ወይ? ይህን ማመሳከር በሕይወት ባለ ሰው ልብ ላይ ማን ይሞክረዋል?

ጥንቸል በዚህ ሥራ አሮጌ ባለሙያ ናት። በ1913 አኒችኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም ከባልደረባው ጋር በሱፍ ዘይት የሟሟ ኮሌስትሮል አብልቶ ደም ቅዳዋን አሳምሟል። ሣር በል እንስሳ ስለሆነች ብዙዎች አልተቀበሉትም። በኋላ ዋታናቤ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ ኮሌስትሮል ሳይበላ የደሙ ኮሌስትሮል በተፈጥሮው የናረ የጥንቸል ዘር አገኘ፤ ጉድለቱም በዘር ኮሌስትሮል ከሚያሠቃያቸው ሰዎች ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

አይጥ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። በተፈጥሮዋ ይህ በሽታ አይደፍራትም፤ በ1992 አፖ-ኢ የተባለው ጂን የጠፋባቸው አይጦች ሲወጡ ነው ለዚህ ጥናት የበቃችው። አሁን የምርምሩ አብዛኛው ክፍል በእሷ ላይ ነው፤ ርካሽ ናት፣ ቶሎ ትራባለች። እኔ ግን ምስሏን በጥርጣሬ ነው የማየው። ትልቁ ደም ቅዳዋ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ለአይጥ የተሠራው ፔት ለይቶ የሚያየውም ከዚያ ብዙ አያንስም። ልቧ በማደንዘዣ ውስጥ እንኳ በደቂቃ 400፣ 500 ጊዜ ይመታል። ካሜራ ይሻሻላል እንበል። የሚብሰው ችግር የአይጥ ፕላክ እንደ ሰው አለመቀደዱ ነው፤ እኛ የምንፈራው ያችን ቅጽበት ሆኖ ሳለ።

በሰው ላይስ? በ2002 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የአንገት ደም ቅዳቸው የታመመ 8 ሰዎችን በዚሁ ስኳር አዩ፤ ሕመም ያስከተለው ወገን ሕመም ካላስከተለው ይልቅ ደምቆ ታየ። የልብን ደም ቅዳ በዚህ ስኳር ማየት ግን እስከ ዛሬ ያስቸግራል፤ ጎረቤቱ የልብ ጡንቻ ራሱ ስኳር በላተኛ ነውና።

እንግዲህ «አዲስ መድኃኒት የደም ቧንቧ በሽታን አዳነ» የሚል ዜና ስትሰሙ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ በየትኛው እንስሳ ላይ?