አምባሰል፣ «ሳኩራ» እና የአንዲት ጃፓናዊት የመጀመሪያ አልበም



በቅርቡ አንድ ተማሪ በስልኩ የያዘውን ዘፈን አሰማኝና «መምህር፣ ይህ የእኛው ቅኝት አይደለምን?» አለኝ። ዘፋኟ ጃፓናዊቷ ማያ ሳካሞቶ ናት። እ.ኤ.አ. በ1996፣ በ16 ዓመቷ፣ «የኤስካፍሎኔ ራእይ» ለተባለው ተከታታይ የካርቱን ፊልም መክፈቻ ዘፈነችው፤ በ1997 በወጣው የመጀመሪያ አልበሟ «ግሬፕፍሩት» ውስጥም ተካተተ። የዜማው ደራሲ ዮኮ ካኖ ናት።

መልሴ «አይደለም» ነበር። ይህ ዜማ የታነፀው በምዕራባውያን የኅብረ ድምፅ ሥርዓት ነው። ዝምድና የሚሻ ሰው የጃፓኑን ጥንታዊ ዜማ «ሳኩራ»ን ይስማ፤ አምስቱ ድምፆቹ፣ ማለትም ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶልና ዝቅ ያለ ላ፣ የአምባሰል ድምፆች ናቸው። ይህ ግን አንዱ ከሌላው ለመውሰዱ ማስረጃ አይሆንም፤ በአምስት ድምፅ የሚያዜም ሕዝብ ብዙ ነው። አምባሰልን አምባሰል የሚያሰኘው ድምፁ የሚጎተትበትና የሚሰበርበት፣ ግጥሙም የሚያርፍበት መንገድ ነው። ይህንን ደግሞ መሰንቆ እንጂ ጥቁር ሰሌዳ አያስተምርም (እኔም ሰሌዳው ላይ ብዙ ደክሜያለሁ)።

እኔን የሚያስቀናኝ ሌላ ነው፤ የዚያ ዜማ ደራሲ በስሟ ትታወቃለች። እኛ ግን በቦረና ደጋ ከአንድ አዛውንት የቀዳነውን ዜማ «ሕዝባዊ» ብለን መዝግበን እናልፋለን፤ ማን እንዳዜመው፣ ከማን እንደተማረው አንጠይቅም። በዚህ ሴሚስተር ከመካነ ሰላም ለመስክ ሥራ የምትወጡ ተማሪዎች፣ መቅረጫውን ስትከፍቱ በመጀመሪያ የአዛውንቱን ስም ቅዱ።