የአድናቂዎች ቤተ መዛግብት



ድርሰትን ወይም ፊልምን ማድነቅ የቆየ ልማድ ነው። አድናቂው ብዕር አንሥቶ ታሪኩን በራሱ መንገድ ሲቀጥለው ግን ከተመልካችነት ወደ ደራሲነት ይሸጋገራል። እነዚህ ደራስያን ሥራቸውን ለብዙ ጊዜ ያኖሩት በሰው ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ላይቭጆርናል የተባለው ድርጅት በመቶ የሚቆጠሩ ገጾችን በችኮላ ሲሰርዝ የአድናቂዎች ጽሑፎችም አብረው ተነሡ፤ ብዙዎቹ ኋላ ቢመለሱም እምነቱ አልተመለሰም።

በዚያው ዓመት አድናቂዎች ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሠረቱ፤ በ2009ም «አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን» የተሰኘውን ቤተ መዛግብት ለሕዝብ ከፈቱ። ሰርቨሮቹ የራሳቸው ናቸው፤ ማስታወቂያ የለም፤ ወጪው በመዋጮ ይሸፈናል። ፕሮግራሙን የጻፉት በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ አንዳንዶቹ ሙያውን የተማሩት እዚያው ሥራ ላይ ነው።

የመሐንዲስን ትኩረት ይበልጥ የሚስበው የምደባው ዘዴ ነው። ደራሲው ለሥራው በፈለገው ቃል መለያ ይሰጣል፤ በጎ ፈቃደኞች ደግሞ ተመሳሳዮቹን መርምረው ከአንድ ዋና ስያሜ ጋር ያያይዛሉ። በዚህም ጸሐፊው ነጻነቱን፣ ፈላጊውም ሥርዓትን አያጣም።

ቤተ መዛግብቱ በ2019 የሁጎ ሽልማት ተቀበለ፤ በ2023 ሆን ተብሎ በወረደበት የጥያቄ ናዳ ቢቋረጥም ተመልሶ ቆመ። እንግዲህ የፈጠራ ሥራን ዕድሜ የሚወስነው የደራሲው ብዕር ብቻ ሳይሆን የመጋዘኑ ባለቤትነትም መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።